ክትባቱ የጋራ፣ ጠፍሩ የግል

በዚህ ወር የጥያቄና መልስ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለፈረስ ሰጥተነዋል። ከአዳማ በአንድ ፖስታ ታሽገው የደረሱን ደብዳቤዎች በዚያው ከተማ ያለ አንድ የባለፈረሶች ማኅበር አባላት የጻፏቸው ሲሆኑ፣ አንዱን ለመመለስ ሌላውን ማንሳት ግድ ስለሚል ለየወሩ ከመበተን በአንድነት ማውጣቱን መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስም በራሳቸው ፈቃድ ትተነዋል፤ መልሱን የሚሰጠው የዓምዳችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ ባለጋሪዎችና ለግልቢያ ፈረስ የምናሳድግ ሰዎች ተሰባስበን ማኅበር ካቋቋምን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የዓድዋ በዓል ሲደርስ ፈረሶቻችንን አስጊጠን አደባባይ እንወጣለን፤ ከመካከላችን ሐዘን የደረሰበት ሲኖር እንደ እድር እንረዳዳለን፤ በየወሩም መዋጮ እንሰበስባለን። አሁን ግን አንዳንድ አባላት «መዋጮው ለጌጥና ለቡና ብቻ ከዋለ ምን ያደርግልናል?» እያሉ መቅረት ጀምረዋል። ማኅበር ለፈረሱ ለራሱ ምን ሊሠራለት ይችላል?
— የማኅበሩ ጸሐፊ

መልስ፦ አባላቱ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ጌጡን መናቃቸው ከሆነ ግን በዚያ አልስማማም። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር፣ ፈረስን አስጊጦ አደባባይ ማውጣት ከንቱ ነገር አይደለም። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የዘለቀው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ስላለው ጭምር ነው። በዓል ለጤናም ይጠቅማል፤ ፈረሱ ሁሉ በአንድ ቦታ ስለሚሰለፍ የከሳው፣ የሚያነክሰውና የጀርባ ገጣባው በግላስ፣ ማለትም በጌጥ ልብሱ የተሸፈነበት ፈረስ የማን እንደሆነ ለማወቅ ያመቻል። እኔ የማኅበሩ ሰብሳቢ ብሆን ኖሮ ማንኛውም ፈረስ ከመሰለፉ በፊት ግላሱ ተነሥቶ ጀርባው እንዲታይ ደንብ አወጣ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ስንመለስ፣ ማኅበሩ ሊሠራ የሚገባው አንድ ባለፈረስ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ነው። ክትባትን እንውሰድ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት የሚዘጋጀው ለብዙ ፈረስ በሚበቃ ጠርሙስ ሲሆን፣ ደረቁ መድኃኒት በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ፈረስ እየሳበ ክሊኒክ ቢሄድ ባለሙያው ጠርሙሱን ለመክፈት ያመነታል፤ ሠላሳ ፈረስ በአንድ ጠዋት ተሰልፎ ቢጠብቀው ግን ወጪው ለእያንዳንዱ ጥቂት ይሆናል፣ መድኃኒቱም ከበረዶ ሳጥኑ ወጥቶ ፀሐይ ላይ አይቆይም። ኮቴ የሚሠራ ባለሙያ በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ማስመጣትም እንዲሁ ነው። ከከተማው ዳር አንድ ጠባብ ግቢ ተከራይቶ አዲስ የተገዛ ፈረስ ከሌሎቹ ጋር ሳይቀላቀል ሦስት ሳምንት የሚቆይበትን በረት ማዘጋጀት ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት መዋጮው ከሚውልባቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ነው።

በአንድነት መሥራት ግን በአንድ ዕቃ መጠቀም ማለት አይደለም። በጉብኝቴ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ወንድማማችነቱ ወደ ጠፍሩ፣ ወደ ልጓሙ፣ ወደ ግላሱና ወደ ብሩሹ ሲሸጋገር ነው፤ የአንዱ ጠፍር ሲበጠስ ከጎረቤቱ ፈረስ ላይ ተፈትቶ ይታሰርለታል። በሽታውም በዚያው ተከትሎ ይሻገራል። መርፌም ያው ነው። እዚህ ላይ ራሴን ንጹሕ ላደርግ አልችልም፤ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን መርፌ ሲያጥረኝ በአንዱ ሦስት ፈረስ የወጋሁበት ቀን ነበር፣ ዛሬ ባስታውሰው ያሳፍረኛል። በደንባችሁ ላይ ክትባቱ የጋራ፣ ጠፍሩ የግል ብላችሁ ጻፉበት።

ጥያቄ፦ በመስከረም ወር ከበቆጂ ገበያ ጠንካራ ዳማ ፈረስ ገዝቼ ወደ አዳማ አመጣሁ። በጥቅምት አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ አብጦ ሞላ፤ ጉንጩና አንገቱም ተነፋ፤ በማግስቱ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ሰፈርተኛው «ዓይን በላው» ይላል፤ የሸጠልኝ ሰው መርዝ አብልቶት ነው ያሉኝም አሉ። ጎረቤቴ አህያ አለው፣ እሱ ግን ምንም አልሆነም። ምን ነካብኝ?
— ባለጋሪ፣ ከቦኩ አካባቢ

መልስ፦ በደረሰብዎት ጉዳት አዝናለሁ፤ ለባለጋሪ ፈረስ መሞት የቤተሰብ እንጀራ መቋረጥ መሆኑን አውቃለሁ። ከገለጹልኝ ምልክት ተነሥቼ በቅድሚያ የምጠረጥረው የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ነው። ሬሳው ሳይመረመር በርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ የዓይን ላይ ጎድጓዳው እስኪሞላ ማበጡ፣ ወራቱ ጥቅምት መሆኑና አህያው መትረፉ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ አህያ በቫይረሱ ቢያዝ እንኳ ብዙ ጊዜ አይታመምምና። የሸጠልዎት ሰው ላይ ቂም ከመያዝዎ በፊት የሚከተለውን ያንብቡልኝ።

ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ከፈረስ ወደ ፈረስ በትንፋሽ ወይም በመነካካት አይተላለፍም። የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተናካሽ ትንኝ ናት። ይህቺ ትንኝ እርጥበትና ሙቀት ትወዳለች፤ ስለዚህም ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ትበዛለች። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ ብርዱ ትንኟን ያሳንሳታል፤ አዳማ ግን ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ባለው ከፍታ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በደጋ ያደገ፣ በሽታውን ያላየና ያልተከተበ ፈረስ ልክ ትንኟ በምትበዛበት ወር ወደ ቆላው ሲወርድ የሚደርስበትን ከእርስዎ ፈረስ አይተናል። ፈረስ ከአርሲ ደጋ መግዛት ክፉ አይደለም፤ ብርቱ ፈረስ የሚገኘው ከዚያ ነው። በመስከረም ገዝቶ በቀጥታ ወደ ጋሪ ማስገባት ነው ስሕተቱ።

በሽታው ከያዘ በኋላ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። በሳንባ የሚገባው ዓይነት እጅግ የከፋ ሲሆን፣ ትኩሳቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ወጥቶ ከአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ እንደ እርስዎ ፈረስ በእብጠት የሚጀምረው ደግሞ ቢያንስ ግማሾቹን ይገድላል። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ስለሆነ፣ ማኅበራችሁ አንድ ቴርሞሜትር ቢኖረውና በእነዚያ ሦስት ወራት ፈረሶቹ ጠዋት ጠዋት ቢለኩ ትኩሳቱ ከእብጠቱ በፊት ይታወቃል።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው ክትባት ሲሆን፣ በአገራችን የሚያመርተው ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ስለሆነ ለአዳማ ሰው ሩቅ አይደለም። ከወረርሽኙ ወራት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ይሰጥ፤ እርጉዝ ባዝራና ገና ስድስት ወር ያልሞላው ውርንጭላ ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ አይከተቡ። የቫይረሱ ዓይነቶች ዘጠኝ ስለሆኑ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ለሌላው ላይጠብቅ ይችላል፤ «ተከትቦም ሞተ» የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው መከላከያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትንኟ የምትናከሰው ፀሐይ ከምትጠልቅበት እስከምትወጣበት ድረስ ስለሆነ ፈረሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት በረት ይግባ፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድና የእበት ክምር ከበረቱ ይራቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተከተቡ በኋላ ፈረሶቹ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ከከባድ ሥራ ማረፍ አለባቸው ስል፣ የዕለት ገቢውን የሚበላ ባለጋሪ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ወርሃዊው መዋጮ ለእነዚህ ቀናት የተወሰነ ድጎማ ቢሆን ከጌጥ ይበልጥ የሚታይ ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የፈረሴ የፊት እግር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ወጥተው ይፈነዳሉ፤ ወፍራም ቢጫ መግል ይወጣቸዋል። ኒደርሳ ነው ብለውኝ በጋለ ብረት አስተኮስኩት፤ አሁን ወደ ደረቱ ወጥቷል። ይድናል ወይ? የአባቴም ፈረስ በዚሁ ነበር የሞተው።
— ከዳቤ አካባቢ

መልስ፦ ልጄ፣ መተኮሱን ከእንግዲህ ተው። ኒደርሳ የምንለው በሽታ የሚመጣው በዓይን ከማይታይ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ በቁስል በኩል ይገባና ከቆዳ ሥር ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች ተከትሎ ይሄዳል፤ እብጠቶቹ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩት ለዚህ ነው። በጋለ ብረት ስትተኩሰው የላይኛውን ታቃጥላለህ እንጂ በቧንቧው ውስጥ የሄደውን አትደርስበትም፤ ይልቁንም ዝንብ የሚያርፍበት አዲስ ቁስል ትከፍትለታለህ።

በሽታው በአገራችን በብዛት የሚታየው ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሞቃትና እርጥበት ያለባቸው ከተሞች በጋሪ ፈረሶች ላይ ነው። የጋሪ ፈረስን ለይቶ የሚያጠቃው በደሙ ድክመት ምክንያት አይደለም፤ ጠፍሩ የሚያቆስለው እሱን ስለሆነ ነው። የአዳማን ጋሪዎች ጠፍር ተመልከት፤ የጎማ ካላማዳሪያ ተቆርጦ፣ ናይለን ገመድ ተቀጥሎበት፣ ከሥሩ የማዳበሪያ ጆንያ ተጣጥፎ ይታሰራል። ናይለን ላብ አይመጥም፣ ቆዳ ይልጣል። ደረቱ ላይ የሚያርፈው ማሰሪያ ሰፊ፣ በጥጥ ጨርቅ ወይም በለሰለሰ ቆዳ የተለበጠ፣ በየማታው የሚታጠብና በፀሐይ የሚደርቅ ቢሆን ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። ጨርቁን የምትሰፋለት እናትህ ወይም እኅትህ ብትሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ይድናል ወይ ላልከው፣ እብጠቶቹ ጥቂት ሳሉ የደረሰ ሐኪም ከፍቶ በማጽዳት፣ ቲንክቸር አዮዲን በመቀባትና በአፍ የሚሰጥ ፖታሲየም አዮዳይድ በማዘዝ ሊያድነው የሚችልበት ዕድል አለ። ወደ ደረት፣ ወደ አንገትና ወደ ዓይን ከደረሰ በኋላ ግን የሚድነው ጥቂቱ ነው፤ ሐሰተኛ ተስፋ ልሰጥህ አልፈልግም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ያየው ዘንድ አድርግ፤ ይህን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አሉና፣ አንዳንዶቹም ወደ ሰው የሚተላለፉ ስለሆኑ በባዶ እጅህ መግሉን አትንካ። እስከዚያው ፈረሱ ለብቻው ይታሰር፣ ቁስሉ ከዝንብ ይጠበቅ፣ የእሱ ጠፍርና ብሩሽ በሌላ ፈረስ ላይ አይዋል። የአባትህ ፈረስ የሞተበትን ጠፍር እስካሁን ትጠቀምበት እንደሆነ አልነገርከኝም። ከሆነ አቃጥለው።

ጥያቄ፦ ፈረሶቼን የምመግበው ፉርሽካ ነው፤ በከተማችን የዱቄት ፋብሪካ ስለማይጠፋ ከሁሉ ይረክሳል። አንዱ ፈረሴ ግን ፊቱ ግራና ቀኝ ያበጠ ይመስላል፣ አንዴ በዚህ እግሩ አንዴ በዚያ እግሩ ያነክሳል። ኮቴውን አሳየሁ፣ ምንም የለውም አሉኝ።
— እናት ባለጋሪ፣ ከፍራንኮ አካባቢ

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ መልሱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ፉርሽካ ፎስፈረስ የሞላበት፣ ካልሲየም ግን እጅግ ያነሰበት ምግብ ነው። በአንድ ኪሎ ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ 11 ግራም ገደማ ሲሆን ካልሲየሙ ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ፈረስ ደግሞ የሚያስፈልገው በተቃራኒው ነው፣ ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ ጋር መተካከል፣ ቢቻል መብለጥ አለበት። ፎስፈረስ ሲበዛበት አካሉ ሚዛኑን ለመጠበቅ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይስባል። በሳሳው የፊት አጥንት ቦታ ለስላሳ ሥጋ ይተካና ፊቱ ያበጠ ይመስላል፤ መገጣጠሚያው ይታመምና ማነከሱ ከእግር ወደ እግር ይዞራል፤ እየባሰ ሲሄድ ጥርሱም ይነቃነቃል። በጥንት ጊዜ በሌላ አገር የዱቄት ወፍጮ ባለቤቶች ፈረሶች ይታመሙበት ስለነበር የወፍጮ ቤት በሽታ ይሉት ነበር፤ ዛሬ የዱቄት ፋብሪካ በበዛበት ከተማ ማየታችን አይገርምም።

ፉርሽካውን ፈጽሞ ይተዉ አልልም፤ ልኩን ይወቁ። ልኩን ለማወቅ የፈረሱን ክብደት ማወቅ ያሻል፣ ለዚህም የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከጋማው መጨረሻ ጀርባ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የዙሪያውን ቁጥር በራሱ አባዝተው፣ በርዝመቱ ደግመው አባዝተው፣ ለ11,880 ቢያካፍሉት ክብደቱ በኪሎ ይወጣል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 140 ሳንቲሜትር የሆነ ፈረስ 248 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የአብዛኛው የጋሪ ፈረሳችን ክብደትም በዚሁ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ድርቆሽና ጭድ ይሁን፣ ፉርሽካው ከአንድ ኪሎ ተኩል አይለፍ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ፉርሽካም ለዶሮ መኖ የሚሸጠውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቀላቅሉበት። አልፋልፋ ካገኙ በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ ከሁሉ የተሻለ ነው። ፉርሽካው በደረቁ አይሰጥ፤ ጉሮሮው ላይ ያንቀዋልና ይራስ። ከወንጂ የሚመጣው ሞላሰስ ትንሽ ጠብ ቢልበት ይጣፍጠዋል እንጂ የካልሲየሙን ቦታ አይተካም።

ያበጠው ፊት ወደ ቀድሞው መልክ ላይመለስ ይችላል፤ ማነከሱ ግን መኖው ከተስተካከለ በወራት ውስጥ ይቀንሳል። እስከዚያ ጭነቱን ያቅሉለት።

በአጭሩ የምንመልሳቸው

«በበዓል ቀን ፈረስ ለግልቢያ ስናከራይ ስንት ኪሎ የሚመዝን ሰው ይቀመጥበት?» ላሉን አባል፦ ሰውየው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አምስተኛውን አይለፍ የሚለው ልክ ይጠቅማችኋል። ባለ 250 ኪሎ ፈረስ 50 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ለልጆች ተስማሚ ነው፣ ለወፍራም ሙሽራ ግን አይደለም።

«ባዝራዬን ከአርሲ የመጣ ድንጉላ እንዲያጠቃልኝ ላድርግ?» ላሉን፦ ሳይመረመር አይሆንም። ዱሪን የሚባለው በግንኙነት የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ በአርሲና በባሌ ደጋ የተለመደ ነው። ድንጉላው ምልክት ሳያሳይ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የያዛት ባዝራ ብልቷ ያብጣል፣ ቆዳዋ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ እብጠት ይወጣል፣ ቀስ በቀስ ትከሳለች፣ የኋላ እግሯም ይዝላል። አስተማማኝ ሕክምናም ክትባትም የለውም። የደም ምርመራውን ወጪ ማኅበሩ ለአንድ ድንጉላ ከፍሎ የአባላቱን ባዝራዎች ሁሉ በእሱ ማስጠቃት ይችላል። ጽንሱ 11 ወር ስለሚቆይ ወሊዱ ሣር በሚኖርበት ወር እንዲውል አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

«ፈረስ ላብ እያለው ውኃ ከጠጣ ሆዱን ይቆርጠዋል ይባላል» ላሉን፦ በሙቀት የሠራን ፈረስ ውኃ መከልከል ነው የሚጎዳው። በመጋቢትና በሚያዝያ የአዳማ ፀሐይ የሚሠራ ፈረስ በቀን 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በየመሐሉ ጥቂት ጥቂት አጠጡት። ሆዱን የሚቆርጠውስ ብዙ ጊዜ ከቆሻሻ ጋር የበላው ፌስታል ነው። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል፣ መሬቱን ሲቆፍር፣ ጎኑን ዞሮ ሲያይና ሲንከባለል ካያችሁት መኖውን አንሡና ወዲያው ሐኪም ጥሩ።

ጥያቄ፦ በአሰላ መውጫ አንድ እግሩ የተሰበረ ፈረስ መንገድ ዳር ተጥሎ ሦስት ቀን አየሁት። የማን እንደሆነ የሚናገር የለም። ከማኅበራችን አባል አንዱ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።
— የማኅበሩ አባል

መልስ፦ ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መውጫዎች ሁሉ ይህን አይቻለሁ። ያገለገለውን እንስሳ በእጁ ማስገደል ኃጢአት የሚመስለው ባለቤት በጨለማ አውጥቶ ይለቀዋል፤ ፈረሱም በጥማትና በጅብ ይሞታል። እኔ ይህን ምሕረት አልለውም። እግሩ የተሰበረ የጋሪ ፈረስ በእኛ አገር ሁኔታ አይድንም፤ ሐኪም በመድኃኒት ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው ማድረግ የባለቤቱ የመጨረሻ ግዴታ ነው። ዛሬውኑ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ፣ እስኪመጣ ድረስ ባልዲ ውኃ ያቅርቡለት፣ ጥላ ከሌለበትም የማዳበሪያ ጆንያ ዘርግተው ይከልሉለት።

ለወደፊቱ ማኅበሩ የአባላቱን ፈረሶች በመልካቸው፣ በዕድሜያቸውና በምልክታቸው በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ፈረሱ ሥራ ያቆመበት አባልም የሐኪሙን ክፍያ ከመዋጮው እንዲያገኝ፣ ማኅበሩን ሳያሳውቅ ግን ፈረሱን ከበረቱ እንዳያስወጣ በደንቡ ላይ ይግባ።